በርበሬ በብርድ አገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሳምንታት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ተክል የሚጠይቁ ነበሩ። ከውጭ አገር የጻፉልንም፣ ከአገር ቤት ከደጋ የጻፉልንም የሚያነሡት ችግር ተመሳሳይ ነው፤ በርበሬ ተክለው ወይ አላደገም፣ ወይ አላፈራም፣ ወይ ሳይቀላ ውርጭ ቀድሞታል። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን፣ ከነመልሳቸው አቅርበናል። የመጀመሪያው መልስ የረዘመው ሌሎቹም ጠያቂዎች የሚያስፈልጋቸው መሠረታዊ ነገር እዚያ ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ ነው። በየዓመቱ በሜይ መጀመሪያ ላይ የበርበሬ ችግኝ ከሱቅ ገዝቼ በጓሮዬ እተክላለሁ። ጎመኑ እየፋፋ፣ ቲማቲሙም ቀስ በቀስ እያደገ ሳለ በርበሬው ግን እስከ ጁላይ ድረስ ባለበት ቆሞ ይከርማል፤ ቅጠሉም ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። በመጨረሻ ሲያፈራ ደግሞ ሳይቀላ ውርጭ ይመታዋል። ማዳበሪያ ጨምሬለታለሁ፣ ውኃም አብዝቼለታለሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከገለጹት ሁኔታ እንደምረዳው ችግሩ የተከሉበት ቀን መቅደሙ ነው። በሜይ መጀመሪያ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሰው ካፖርቱን ያወልቃል፤ መሬቱ ግን ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የከረመ ነውና ገና አልሞቀም። ጎመን እንዲህ ያለው አፈር ይስማማዋል። ቲማቲምም ቢሆን ቅዝቃዜን ከበርበሬ በተሻለ ይችላል። የበርበሬ ሥር ግን አፈሩ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ሥራውን አቆመ ለማለት የሚያስደፍር ያህል ይደክማል። በተለይ ፎስፈረስ የተባለውን ንጥረ ነገር ከቀዝቃዛ አፈር መሳብ ስለሚያቅተው ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ ያወጣል፤ ንጥረ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው አፈሩ ውስጥ አለ። መብላት ባልቻለ ተክል ላይ ማዳበሪያ መጨመር አይጠቅመውም፤ ውኃ ማብዛት ደግሞ አፈሩን ይበልጥ ከማቀዝቀዙም በላይ ሥሩን አየር ያሳጣዋል።

ይህን የምጽፈው ከራሴም ልምድ ተነሥቼ ነው። እኔም እንደ እርስዎ ባለ የብርድ አገር የመጀመሪያ ጓሮዬን ባገኘሁበት ዓመት 18 ችግኞች በሜይ 8 ተክዬ ነበር። በጁን መጨረሻ ላይ ነገሩ ግራ ቢገባኝ አንዱን ነቅዬ አየሁት። ሥሩ ከሱቅ የመጣበትን የትንሿን ላስቲክ ዕቃ ቅርጽ እንደያዘ፣ አንድም ነጭ አዲስ ሥር ወደ ውጭ ሳይሰድድ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ በተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ በሜይ መጨረሻ የተከለው በርበሬ በጁላይ አጋማሽ ላይ የእኔን በቁመትም በአበባም በልጦት አየሁ። ከዚያ ወዲህ የሥጋ መብሰል የሚለካበትን ቴርሞሜትር በማለዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ሰክቼ 18 ዲግሪ፣ ማለትም 65 ፋራናይት ገደማ፣ ለተከታታይ ቀናት ሳላነብ አንድም ችግኝ አልተክልም። እርስዎም ይህን ቢያደርጉ የቀን መቁጠሪያ ከማየት ይሻልዎታል።

የበርበሬን ጠባይ ለመረዳት መነሻውን ማወቅ ይረዳል። የትውልድ ምድሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ከ1492 በኋላ ከአሜሪካ ወጥቶ በባሕር ንግድ በዓለም ሲዳረስ ወደ እኛም ደረሰና የወጣችን እናት ሆነ፤ ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ወደ ደጋው አልወጣም። ማረቆ፣ ሀላባ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበርበሬ የታወቁት ሌሊቱ እንኳ የማይጨክንበት ወይና ደጋ ስለሆኑ ነው። ቀኑ ምንም ቢሞቅ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ በርበሬ ዕድገቱ ይገታል፤ ከ13 ዲግሪ በታች በሆነ ሌሊትም አበባውን ማርገፍ ይጀምራል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ሲያዩ የቀኑን ሙቀት ይተዉትና የሌሊቱን ቁጥር ያንብቡ።

አሁን ወደ ቀመሩ እንግባ። በእርስዎ አካባቢ በርበሬ ወደ ውጭ ለማውጣት የሚመረጠው ጊዜ ከሜይ የመጨረሻ ሳምንት እስከ ጁን የመጀመሪያ ሳምንት ያለው ነው። ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ብንቆጥር 120 ቀን ገደማ ይኖርዎታል፤ ከዚህም ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊታቸው ቀዝቃዛ ነው። በዘር ከረጢቱ ላይ «70 ቀን» ተብሎ የሚጻፈው ችግኙ ከተተከለ ጀምሮ የመጀመሪያው ፍሬ ለመለቀም እስኪደርስ ያለው ጊዜ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ለአረንጓዴው ነው። አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ደግሞ ሌላ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል። 70 ላይ 28 ሲጨመር 98 ነው፤ ይህ ይበቃዎታል። «90 ቀን» የተባለውን ዘር ከመረጡ ግን ቃሪያ እንጂ ዛላ አያገኙም። የማረቆ ዝርያ ረጅም ሞቃት ጊዜ የሚፈልግ በመሆኑ በሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክርዎትም። ካየን የተባለው ቀጭን ቀይ በርበሬ ወይም ቶሎ የሚደርሰው የሃንጋሪ በርበሬ ለበርበሬ ዱቄት ባይተካከለውም በዚያ አየር ሳያሳፍር ያፈራል። ማረቆን ከወደዱ በትልቅ ባልዲ ይትከሉት፤ ባልዲ ሲበርድ ወደ ቤት ይገባል።

ችግኙን ራስዎ ማፍላት ከፈለጉ ወደ ውጭ ከሚያወጡበት ቀን 8 ሳምንት ያህል ቀድመው ዘሩን ይዝሩ፤ ለእርስዎ ይህ የማርች የመጨረሻ ሳምንት ማለት ነው። ዘሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀበር። እንዲበቅል ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ይፈልጋል፤ አፈሩ 27 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል፣ 18 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ወር ሊሞላው ይችላል፣ ወይም እዚያው ይበሰብሳል። ለዚህ የተሠራ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ አለ፤ ከሌለዎት ሙቀት የሚወጣበት የማቀዝቀዣ ራስ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ከበቀለ በኋላ ግን ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ቀንሶ ብርሃኑ መብዛት አለበት። በመስኮት ዳር ብቻ ያደገ ችግኝ እየቀጠነ ወደ መስታወቱ ይዘምማል። ተራ የኤል ኢ ዲ ዘንግ መብራት ከችግኙ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው ሰቅለው በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢያበሩለት ግንዱ ይወፍራል። ውኃውን ከሥር ይስጡት፤ ላዩ ሁልጊዜ ርጥብ የሆነ አፈር ችግኙ ከግንዱ ሥር ተቆርጦ የወደቀ እስኪመስል ድረስ የሚያበሰብስ ሻጋታ ይጋብዛል።

ከቤት ወደ ጓሮ የሚወጣውም በአንድ ቀን አይደለም። ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ በመጀመሪያ ለአንድ ሰዓት በጥላ፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ለሦስት ሰዓት፣ በመጨረሻም ቀኑን ሙሉ እያወጡ ያላምዱት። ይህን ያልተላመደ ችግኝ ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። መደቡን ከፍ አድርገው ይሥሩ፤ ከመትከልዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ጥቁር ላስቲክ አንጥፈው ዳርና ዳሩን በአፈር ይቅበሩት። ላስቲኩ አፈሩን በጥቂት ዲግሪ ያሞቀዋል፣ አረምም ይከለክላል፤ በርበሬውን ላስቲኩን በስተው በቀዳዳው ይተክላሉ። ጭድ ወይም ሣር መጎዝጎዝ ለሞቃት አገር መልካም ሲሆን በእርስዎ ጓሮ ግን ከጁላይ በፊት አይመከርም፤ አፈሩን ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆየዋልና። የአፈርዎን ይዘት ማወቅ ከፈለጉ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአፈር መመርመሪያ ላቦራቶሪ ከነዋሪዎች ናሙና ይቀበላል፤ በግምት ማዳበሪያ ከመግዛት ይህ በጣም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ዳር የምሠራ ወጣት ገበሬ ነኝ። ለሆቴሎች ቃሪያ ለማቅረብ፣ ከተቻለም ለበርበሬ ዛላ ለማድረስ የላስቲክ ቤት ሠርቻለሁ። በጥቅምት ተከልሁና በኅዳር አንድ ሌሊት ላስቲኩ እንዳለ ሆኖ ተክሉ ጠዋት ላይ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት መስሎ አገኘሁት። ላስቲኩ ለምን አላዳነውም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ የሚነካ ነው። ቀን ላይ ላስቲክ ቤት ይሞቃል። ሌሊት ግን ነጠላ ላስቲክ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ወደ ሰማይ እንዳይሄድ የማገድ ኃይሉ አነስተኛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ሰማዩ ከደመና ጠርቶ፣ ነፋስ ጸጥ ብሎ ሲያድር መሬቱ ሙቀቱን በሙሉ ወደ ላይ ይለቅቃል። እንዲያውም ውጪ ያለው አየር ትንሽ ሲንቀሳቀስ በላስቲኩ ውስጥ ያለው የረጋ በመሆኑ ውስጡ ከውጪ የበለጠ የሚቀዘቅዝበት ሌሊት ያጋጥማል። ያየኸው የፈላ ውኃ የፈሰሰበት የሚመስል ቅጠል በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ የሕዋሱን ስስ ሽፋን ስለጎዳው የመጣ ነው፤ እንዲህ የሆነው ክፍል አያገግምም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከላስቲኩ በታች፣ ከተክሉ በላይ፣ በዝቅተኛ የሽቦ ወይም የቀርከሃ ቅስት ላይ ሁለተኛ ሽፋን መዘርጋት ነው። ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሸፍናለህ፣ ጠዋት ትገልጣለህ። ሁለተኛው በላስቲክ ቤቱ ውስጥ በሰሜን በኩል ውኃ የሞላባቸው ጥቁር በርሜሎች መደርደር ነው፤ ቀን የዋጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሳሉ። ሦስተኛው በሮቹንና መስኮቶቹን ከ10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መዝጋት ነው፤ ከመሸ በኋላ የተዘጋ ቤት የያዘው ብርዱን ነው። ቤቱን የሠራኸው በረባዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ሥራ በከንቱ ሊደክም ይችላል። ብርድ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ከተዳፋቱ መሐል ያለው ማሳ ሲተርፍ ግርጌ ያለው በውርጭ ሲመታ አይተህ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ወቅቱን እንድትቀይር እመክርሃለሁ። ችግኙን በታኅሣሥ መጨረሻ በቤት ውስጥ አፍልተህ ዋናው የውርጭ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት አጋማሽ ገደማ ብትተክል፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ መግቢያ ያለውን ፀሐይ ታገኛለህ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናና ርጥበት የሚበዛበት በመሆኑ በላስቲክ ቤት ውስጥ ሻጋታ ይጸናል፤ ዋናውን ምርትህን ከዚያ በፊት ማንሣት አለብህ። ይህ ጊዜ ለቃሪያ ይበቃል። ስለ ዛላ የምነግርህ ግን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደህ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት ብትሄድ፣ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ካንተ ማሳ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ አየር ታገኛለህ። ያን ልዩነት በላስቲክና በማገዶ ገዝተህ በዛላ ዋጋ ከቆላውና ከወይና ደጋው ገበሬ ጋር መወዳደር አያዋጣህም። ቃሪያ ግን ለከተማህ ትኩስ መድረሱ ራሱ ዋጋ አለው፤ ጉልበትህን እዚያ ላይ አድርግ።

ጥያቄ፦ በስቶክሆልም በልጄ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። በመስኮት ዳር ሦስት የሚጥሚጣ ተክሎች አሉኝ። ለምለም ናቸው፣ አበባም ይሞላሉ፤ አበባው ግን እየረገፈ አንድም ፍሬ አልያዙም። በልጅነቴ የማውቀው ሚጥሚጣ ያለ ጠባቂ የሚያፈራ ነበር።

መልስ፦ እናቴ፣ ያለ ጠባቂ ያፈራ የነበረው ነፋስና ንብ ይጠብቁት ስለነበር ነው። የበርበሬ አበባ ወንዱንም ሴቱንም በራሱ ይዟል፤ ሌላ ተክል አያስፈልገውም፣ ዱቄቱን የሚያራግፍለት እንቅስቃሴ ግን ይሻል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያ እንቅስቃሴ የለም። ስለዚህ በየቀኑ ረፋድ ላይ አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፣ ወይም በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከአበባ ወደ አበባ ነካ ነካ ያድርጉ። አበባው ከወደቀና ከሥሩ ያለችው አረንጓዴ ቡቃያ ካልወደቀች ፍሬ ይዟል ማለት ነው።

ለምለም ናቸው ያሉትም ሌላ ጥርጣሬ ያሳድርብኛል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ተክሉን ቅጠል እያበዛ ፍሬ እንዲረሳ ያደርገዋል፤ አበባ ሲጀምር ፖታሽ ወደሚበዛበት የቲማቲም ማዳበሪያ ይቀይሩ። የመስኮቱም ጉዳይ አለ፤ በስቶክሆልም በዲሴምበር ብርሃን የሚኖረው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን መስታወቱ ዳር ያለው አየር ሌሊት ከክፍሉ በጣም ይቀዘቅዛል። በክረምቱ ወራት ፍሬ አይጠብቁበት። በኦክቶበር ግንዱን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡት፣ ቅጠሉን አብዛኛውን ያራግፉ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ብርሃን በሚገባበት ቦታ አስቀምጠው አፈሩ ሊደርቅ ሲል ብቻ ጥቂት ውኃ ይስጡት። በርበሬ በተፈጥሮው ዓመት አልፎ የሚኖር ተክል ነው፤ በማርች ከዚያው ግንድ አቆጥቁጦ ከአዲስ ችግኝ በፊት ያፈራልዎታል። ወደ ቤት ሲያስገቡ የቅጠሉን ጀርባ አገላብጠው ይመልከቱ። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ተባይ ካለ በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡት፤ ቤት ውስጥ ጠላት ስለሌለው በሁለት ሳምንት ተክሉን ያለብሰዋል።

ለወደፊቱ ሮኮቶ የተባለውን የአንዲስ ተራሮች በርበሬ ዘር ልጅዎ እንድትፈልግልዎ ይንገሯት። አበባው ወይን ጠጅ፣ ዘሩ ጥቁር፣ ቅጠሉ ጠጉራም ሲሆን ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወድዳል፤ ውርጭ ግን እርሱንም ይገድለዋል። ማቃጠሉ አያሳስብዎ።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ዴንቨር ነው። ከኢትዮጵያ ሱቅ ከገዛሁት የበርበሬ ዛላ ዘር አውጥቼ ብዘራው ይበቅላል? ከአገር ቤት በሻንጣ ማምጣትስ? ባለፈው ዓመት ያደረቅሁት በርበሬ ደግሞ ውስጡ ሻግቶ ጣልሁት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛላው በፀሐይ የደረቀና ያልቆየ ከሆነ ሊበቅል ይችላል፤ የተቆላ ወይም በከፍተኛ ሙቀት የደረቀ ከሆነ ግን ዘሩ ሞቷል። ሳትደክም ለማወቅ 10 ዘር በርጥብ ወረቀት ጠቅልለህ በላስቲክ ከረጢት ሞቅ ያለ ቦታ አኑርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጠር። አምስትና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጡ ዝራው። በሻንጣ ማምጣቱን ግን ተወው። ወደ አሜሪካ የሚገባ ዘር ከተላከበት አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ይህም ያለ ምክንያት የወጣ ደንብ አይደለም። በቲማቲምና በበርበሬ ዘር ላይ ተጣብቆ የሚሻገር ቫይረስ አለ፤ አንድ ጊዜ ማሳ ከገባ በመድኃኒት አይጠፋም።

ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስላለች በእኛ አቆጣጠር ወይና ደጋ ትመስላለች፤ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ግን ከፍታውን ይሽረዋል። ሌሊቷ በበጋም ቀዝቀዝ ይላል፣ በረዶዋም ችግኝ ይቀጠቅጣል፤ ስለዚህ በሽቦ ቅስት ላይ የሚዘረጋ ስስ የማሳ ጨርቅ ሁልጊዜ አጠገብህ ይኑር። በሴፕቴምበር መጨረሻ ውርጭ ሲተነበይ ተክሉን ከነሥሩ ነቅለህ ጋራዥ ውስጥ ቁልቁል ስቀለው። መቅላት የጀመረው ፍሬ እዚያው መቅላቱን ይቀጥላል። ጨርሶ አረንጓዴ የሆነው ግን ስለማይቀላ ለስንግና ለዳጣ ልቀመው።

ስለ ማድረቁ፣ የሻገተው ቆዳው ወፍራም ስለሆነና ርጥበቱ በውስጡ ስለታፈነ ነው። እንዲህ ያለውን ከጫፉ እስከ እጀታው በቢላዋ ሰንጥቀው። ከዚያ በክር ሰክተህ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ክፍል ስቀል፤ የዴንቨር ደረቅ አየር በዚህ ይረዳሃል። በምድጃ ካደረግኸው 60 ዲግሪ ገደማ ላይ በሩን ገርበብ አድርገህ ለሰዓታት አቆየው፤ መስኮትም ክፈት፣ ሽታው ልጆችን ያስላል። የሻገተውን መጣልህ ትክክል ነበር፤ የበርበሬ ሻጋታ ለጉበት መርዝ የሆነ ነገር ሊያመነጭ ስለሚችል ቆርጦ ማስተረፍ አይገባም። መድረቁን በዓይን አትፍረድ። ዛላውን ጎንበስ ስታደርገው ሳይተጣጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ ያልሰነጠቅኸውንም በጆሮህ አጠገብ ስትነቀንቀው ዘሩ ውስጡ ከተንኮሻኮሸ፣ ያን ጊዜ ለወፍጮ ደርሷል።